ቀዩ ማስመሪያ

ሙያዬ ማየት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማቅለሚያ ክፍል፣ ትናንት የተነከረው ሰማያዊና ዛሬ የተነከረው ሰማያዊ አንድ መሆን አለመሆናቸውን እያየሁ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» እላለሁ። ለዚህ ሥራ የተገዛ ማሽን አለ፤ ማሽኑ ሲያመነታ ግን የምጠራው እኔ ነኝ። አለቃዬ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ «የእሷ ዓይን ከማሽኑ ቀድሞ ነው የተመረቀው» ይላል። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በሕይወቴ ትልቁን ውሸት የዋሸሁት በቀለም ላይ መሆኑን ግን አያውቁም። እስካለፈው ክረምት ድረስ ትልቅ መሆኑን እኔ ራሴም አላውቅም ነበር።

ዓይኔን ያሠለጠነው ጋሽ ልኬ ነው። ጋሽ ልኬ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙ አይደለም፤ ደንበኛ የተሰፋለትን ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም፣ ቢጠብም ቢሰፋም «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ስለሚል የወጣለት ቅጽል ነው። ሱቁ ከመንገዱ ጥግ ላይ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅባት ክፍል ነበረች። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ አንድ ጠረጴዛና በቁልፍ የተሞላ ትልቅ ጣሳ ነበረው። እጁ ወርቅ ነበር። ዓይኑ ግን ከሰዓት በኋላ ጥቁርን ከጥቁር ሰማያዊ መለየት እየተሳነው መጥቶ ነበር። ይህን ደግሞ ለደንበኛ አይነግሩም።

እናም ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠብቀኛል። ጨርቁን በአንድ እጄ፣ ሦስት አራት የክር ድውር በሌላው እጄ አስይዞ፣ «እስቲ ዓይኔ፣ ፀሐይ ላይ አውጪና እይልኝ» ይለኛል። ደፉ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ክር ከጨርቁ ጎን እዘረጋና «ይሄኛው» እላለሁ። ደንበኛ ሲከራከር «ከእኔ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ዳኛዋ ይቺ ናት። ልጅ አይዋሽም» ይላል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጳጳስ የማልተናነስ መስሎ ይሰማኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ስገባ ቀይ የፕላስቲክ ማስመሪያ ሸለመኝ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በዓይኔ ላይ ስይዘው ዓለሙ ሁሉ ቀይ የሚሆንበት። በደብተሬ ላይ ካሰመርኩበት ይልቅ በእሱ ውስጥ ያየሁበት ይበዛል።

አባቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ከራሳችን መኪና ጣሪያ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ያስር ነበርና ሰፈሩ ግማሹ በእሱ እጅ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው። አንድ ነገር ሳይታክት ይደጋግም ነበር። «ወደኋላ ስትሄድ ስፖኪዮህን አትመን። ወርደህ እይ!» ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት፣ ወንበር ወደኋላ ስገፋ እንኳ «ወርደህ እይ» እያልኩ እናቴን አስቃት ነበር።

አንድ ዓርብ እናትና አባቴ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ በመኪና ሄደው እኔ ቤት ቀረሁ። የቤት ሥራዬን ስጨርስ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሰምቼ በሩን ስከፍት እናቴ ሳታየኝ አልፋኝ ገባች። ከመንገድ ስትመለስ «በላሽ ወይ?» ሳትል ጫማዋን የማታወልቀው ሴት፣ ኮቷን እንደለበሰች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ራሴን አሞኛል» አለችኝ። ቀኝ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነበር። ደጃችን ላይ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ስለነበረ እዚያ የገባች መሰለኝ። በነጋታው ማለዳ ከራሴ ጫማ ጋር አጠብኩላት። ጎበዝ ልጅ ነበርኩ።

ጫማዎቹን ፀሐይ ላይ ደርድሬ ሳልጨርስ አባቴ ከጓሮ ጠራኝ። «ሚጣ፣ ነይ እስቲ እዚህ።»

መኪናው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። የግራው የኋላ መብራት ተሰብሮ፣ ከጠርዙ የልጅ ምላስ የምታህል ስባሪ ጎድላለች። ብስክሌቴ ከሥሩ ተጋድማለች፤ መሪዋ ከመብራቱ ትክክል።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

ብስክሌቴን ያስደገፍኳት ከወዲያ ግድግዳ ጋ ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ። ግን ብስክሌቷ እዚያ ተጋድማ፣ መብራቱ እዚህ ተሰብሮ አየሁ። ዓይንሽ ያየውን እመኚ የተባልኩ ልጅ ነኝ። እርግጠኝነቴ በቆምኩበት ሟሟ።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸም። ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ከፊቴ አስተካክሎ፣ «እናትሽ ብትሰማ ብስክሌቷን ለሌላ ልጅ ነው የምትሰጣት። ታውቂያታለሽ» አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገልኝ። «በይ አታልቅሺ። እኔና አንቺ እንጠግነዋለን። አዲስ እናስመስለዋለን። ለእናትሽም ለማንም አንናገርም። የኔና ያንቺ ምስጢር ነው፣ እሺ?»

በዚያች ደቂቃ አባቴን የወደድኩትን ያህል ማንንም ሰው ወድጄ አላውቅም። ይህን ሳልሸሽግ የምጽፈው እስከዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ነው።

ሥራው የተጀመረው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱንም መብራቶች ፈትቶ አመጣቸው።

«የተሰበረው እኮ አንዱ ነው» አልኩት።

«አንዱን ብቻ ብንቀባው ያሳብቃል» አለኝ።

ለጎደለው ቦታ ቀይ ፕላስቲክ ያስፈልግ ነበር። አባቴ ዕቃ ቤቱን አገላብጦ አጣ። ከዚያ ዓይኑ በሩ ላይ በተሰቀለው የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ላይ አረፈ። «የሰበረ ይከፍላል፣ አይደል?» ብሎ ፈገግ አለ። ማስመሪያዬን ራሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ጉዳቱን በማካካሴ ደስ ሁሉ ብሎኛል። ከቁጥር ሰባት ጀምሮ እስከ አሥር ድረስ ያለውን በብረት መጋዝ ቆረጠ፤ በሞረድ እየሞረደ የምላሷን ቅርጽ አስያዘውና በማጣበቂያ ገጠመው። የተረፉኝ ሁለት ቁራጮች ማንንም የማያስቀኑ ነበሩ።

ከዚያ ማለስለስ መጣ። የብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲ ውስጥ እየነከርን፣ እሱ የግራውን እኔ የቀኙን፣ በክብ በክብ ፈተግን። የሚያበራው ፕላስቲክ ወተት የነካው መስሎ ደበዘዘ። አበላሸሁት ብዬ ስደነግጥ «ካልደበዘዘ ቀለም አይዝም» አለኝ። የማስመሪያው ቁጥሮች ከኋላ በኩል ስለነበሩ አልጠፉም፤ «ቀለም ሲለብስ አይታዩም» ብሎ ተዋቸው። በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጠረግናቸው፤ ቀለም የማይነካውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውሃ አርከፈከፍኩ፤ በሩ ላይ አሮጌ አንሶላ ጋረድን፤ መብራቶቹን በሽቦ አንጠለጠልናቸው።

ጣሳውን እየነቀነቀ «ከአንድ ወፍራም ሦስት ስስ ይሻላል» አለ። ቀዩ ቀለም በጉም መልክ ወጥቶ አረፈ። ጠበቅን። ደግሞ ረጨ። ጠበቅን። የሁለቱ ቀይ አንድ መሆኑን እንዳይለት ጠየቀኝ፤ አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ከብርሃኑ አነጻጸርኩ። «ግራው ትንሽ ይቀረዋል» አልኩት። ጨመረበት። «አሁን አንድ ሆነ።» ራሴን ዳበሰኝ። የጋሽ ልኬን ሙያ ለአባቴ ስጠቀምበት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ክሊር የሚሉትን፣ ውሃ የመሰለውን መጨረሻ ቀለም መርጨት እንደጀመረ የሰፈራችን ባለሱቅ ሴትዮ ድምፅ ከግቢው በር ተሰማ። ዜና ሲገኝ ሱቋን ክፍት ትታ የምትሮጥ ሴት ናት።

«ኧረ ጉድ ሰማችሁ ወይ? ጋሽ ልኬን መኪና ገጭቶት!»

አባቴ በአንሶላው ውስጥ ሆኖ «መቼ?» አላት።

«ትናንት፣ መሸት ሲል! ሱቁን ዘግቶ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ሲያልፍ፣ መኪናው ወደኋላ መጥቶ ቦዩ ውስጥ ጥሎት እብስ! የዳቦ ቤቱ ልጆች ናቸው ያገኙት። ግራ እግሩ ደቋል ነው የሚሉት። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው በላ?»

የአባቴ ጣት ከጣሳው ራስ ላይ አልተነሳም። ክሊሩ አንድ ቦታ ላይ በዛና ተንዠቅዥቆ ወረደ። «አባዬ፣ ወረደ! ወረደ!» አልኩት። አልሰማኝም። ለጋሽ ልኬ አዝኖ ነው ብዬ እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። አዝኖ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድበትም። ለማን እንዳዘነ ነው የማላውቀው።

ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ ሥር ሳልፍ እናቴን ሰማኋት። «በልጅ እጅ? በልጅ እጅ?» ትላለች። አባቴ «ያለቀ ነገር ነው፣ ዝም በይ» ይላል። ምስጢራችን ወጣ፣ ጥገናው በልጅ እጅ መሠራቱን ንቃ ነው የምትቆጣው ብዬ ብስክሌቴን ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ደበቅኳት። ግን ማንም አልወሰዳትም። እናቴም ስለመብራቱ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። አባቴ ቃሉን ስለጠበቀልኝ አመሰገንኩት።

ማታውን፣ ራት ስንበላ፣ እናቴ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ጠብቆ ጎንበስ አለና «ሰው ከጠየቀሽ፣ መብራቱ ከድሮም እንዲህ ነው በይ» አለኝ። «አለበለዚያ እናትሽ ጆሮ ይገባል።»

ሰኞ አንድ ትራፊክ ፖሊስ በሰፈሩ ያሉትን መኪናዎች እያየ እኛም ቤት መጣ። ባለሱቋ ተከትላው ገብታ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ወርደህ እይ እያለ አገር ያስተማረ ሰው ነው እኮ» አለችው። ትራፊኩ ራሱ የአባቴ ተማሪ ኖሯል፤ አፍሮ ነበር የገባው። ሁለቱ መብራቶች ሙሉ፣ ደማቅ፣ ፊት የሚያሳዩ ሆነው አያቸው። «ይቅርታ ጋሼ፣ ግዴታ ሆኖብኝ ነው» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። አባቴ በር ድረስ ሸኘው። አንዲት ነጥብ ጭቃ ከመብራቱ ላይ በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ጋሽ ልኬ ከሐኪም ቤት የወጣው ከወር ከምናምን በኋላ ነው። እናቴ በየሁለት ቀኑ ሾርባ እየሠራች ታስይዘኝ ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አልሄደችም። መኪናው ውስጥም ከዚያ ወዲህ ገብታ አታውቅም። «የቀለሙ ሽታ ራሴን ያዞረኛል» ትላለች። ቀለሙ መሽተት ካቆመ ዓመታት ካለፉ በኋላም በእግሯ ነበር የምትሄደው። እግረኛነት የተስማማት መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጋሽ ልኬ በሁለት ክራንች ቤታችን መጣ። አባቴ ወጣ ብሎ ነበር። እናቴ ከውስጥ፣ በቀስታ፣ «ተኝታለች በይው» አለችኝ። በቀን ተኝታ የማታውቅ ሴት።

«እናትሽን ስለሾርባው ላመሰግን ነበር» አለ ጋሽ ልኬ። ዓይኑ ግን መኪናው ላይ ነበር። ወደ ኋላ በኩል ዞሮ ቆመና ከደረት ኪሱ አንዲት ነገር አወጣ፤ ፀሐይ ያነጣት፣ ወደ ጽጌረዳ የሚሄድ ቀለም ያላት የፕላስቲክ ስባሪ። «ከሐኪም ቤት የመለሱልኝ ኮት እጥፋት ውስጥ አገኘኋት» አለ። ከዚያ እንደ ወትሮው መዳፌ ላይ አኖራት። «እስቲ ዓይኔ፣ ፀሐይ ላይ አውጪና እይልኝ። ይሄና ይሄ አንድ ናቸው?»

ስባሪዋን ከመብራቱ ጎን ያዝኳት። መብራቱ ደማቅ ቀይ ነው፤ እሷ የነጣች። «አይመሳሰሉም» አልኩ። እውነቴን ነበር። የቀባነው ለዚሁ ነው።

«ይሄ መብራት ከድሮም እንዲህ ደማቅ ነበር?»

ስለ ብስክሌቴ አሰብኩ። ስለ አባቴ አሰብኩ፤ እንባዬን ስለጠረገልኝ፣ ለእናቴ ስላልተናገረብኝ። የእግር ነገርና የመብራት ነገር በራሴ ውስጥ አልተገናኙም፤ ጋሽ ልኬ እንደ ሁልጊዜው ቀለም እያስመረጠኝ ነበር የመሰለኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ «ከድሮም እንዲህ ነው» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ክራንቹ ያሳመመው መስሎኝ ወንበር ላምጣልህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስባሪዋን ከመዳፌ ወስዶ ኪሱ ከተታት፤ ከዚያ ትልቅ ሰው ለልጅ የማይለውን ነገር አለኝ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።» ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶኝ «ምንም አይደል» አልኩት።

ግራ ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም። በእግር የምትረገጠዋን የስፌት መኪና ማንቀሳቀስ አቅቶት ሱቁን ሊዘጋ ነው ሲባል፣ አባቴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ይዞለት ሄዶ በገዛ እጁ ገጠመለት። ሰፈሩ ምርቃት አወረደበት። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ አወራሁ። ለጋሽ ልኬ ግን ከዚያ በኋላ ክር አላየሁለትም። ሲጠራኝ «የቤት ሥራ አለብኝ» እያልኩ አልፌው እሮጥ ነበር። ለምን እንደምሮጥ አላውቅም ነበር፤ እግሬ ሳያውቅ አልቀረም።

እናቴ ካቻምና አረፈች። ባለፈው ክረምት የአባቴ ቤት ጣሪያ አፈሰሰና ዕቃ ቤቱን ላጸዳ ሄድኩ። መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፤ ከመሸጡ በፊት አባቴ መብራቶቹን በአዲስ ቀይሮ አሮጌዎቹን አስቀምጧቸው ኖሯል። በጋዜጣ ተጠቅልለው አገኘኋቸው። ክሊሩ ቢጫ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጧል። የወረደው ክሊር እንደተንጠለጠለ ደርቋል። ቀዩም ሳስቶ፣ በግራው መብራት ጠርዝ ላይ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ የሚሉ ቁጥሮች ከነመስመሮቻቸው ይታያሉ። ነካ ባደርገው ማጣበቂያው ለቅቆ የማስመሪያዬ ቁራጭ መዳፌ ላይ ወደቀ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የልጅነት ወንጀሌ! ይህን የሚያደንቅልኝ ማስመሪያውን የሸለመኝ ሰው ብቻ ነው ብዬ፣ መብራቱን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ጋሽ ልኬ ሮጥኩ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ፣ የምናዘዝ መስሎኝ ልቀልድ ሄድኩ።

አርጅቷል፤ አሁን ቁልፍ ብቻ ነው የሚተክለው። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ የሰጠኸኝን ማስመሪያ የት እንዳደረስኩት ታውቃለህ? በብስክሌት የአባዬን መብራት ሰብሬ፣ እማዬ እንዳታውቅ ብለን በማስመሪያው ደፍነን ቀባነው! ዘጠኝ ዓመቴ ነበር…» እየሳቅኩ አወራሁ። እሱ አልሳቀም።

«መቼ ነው የቀባችሁት?» አለኝ።

«ቅዳሜ ነበር። እንዲያውም አንተን መኪና የገጨህ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም።

ጋሽ ልኬ የቁልፍ ጣሳውን ሳበ። ጨርቅ ላይ ዘረገፈና ከቁልፎቹ መሀል ስባሪዋን አወጣ። ከመብራቱ ጎዶሎ ላይ ሊገጥማት ሞክሮ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው ገጠመች። ክር የማታስገባ ሆና ገጠመች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለኔ የጠራልኝ በአንዴ ነው። ብስክሌቷን ከግድግዳው አንስቶ መብራቱ ሥር ያጋደማት እጅ ታየኝ። እንባዬን የጠረገው ያው እጅ ነው። ሙሉ ዕድሜዬን አባቴ ገመናዬን የሸፈነልኝ ሰው ነው ብዬ ኖርኩ፤ ለካ ሽፋኑ እኔ ነበርኩ። እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ።

«የዚያን ምሽት» አለ ጋሽ ልኬ፣ ልቅሶዬ በረድ ሲል፣ «መኪናው ሲገፋኝ ከውስጥ አንዲት ሴት ‹ቁም!› ስትል ሰማሁ። የእናትሽን ድምፅ አላጣውም፤ ስንት ጊዜ ለክቻታለሁ። ለፖሊስ ልናገር ስል አፌን ያዝ አደረግኩ። እስቲ መጀመሪያ ዓይኔን ልጠይቅ አልኩ። አንቺ ከድሮም እንዲህ ነው አልሽኝ። ጆሮዬ ነው የዋሸኝ አልኩ። ሾርባ የምትልክልኝን ሴት፣ ሞተር የገዛልኝን ሰው ስለጠረጠርኩ ስንት ዓመት በራሴ አፈርኩ መሰለሽ።»

ይቅር በይኝ ያለኝ ለዚህ ነበር። እኔም «ምንም አይደል» ብዬዋለሁ።

እግሩ ሥር ልወድቅ ስል በእጁ ከለከለኝ። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ» አለ። «ቦዩ ውስጥ ወድቄ የመኪና በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። ሰው አጠገቤ መጥቶ ሲተነፍስም ሰምቻለሁ። ሕልም ይሁን እውን እስከዛሬ አላውቅም። አባትሽ ወርዶ ነበር? ወርዶ አይቶኝ ነበር?»

አባቴ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል። መብራቱን ከነስባሪዋ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አውራ ጣቱን በመጋጠሚያው ላይ አሳለፈ፣ መለስለሱን ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ይሄ ያኔ በብስክሌት የሰበርሽው አይደል? ለእናትሽ እኮ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩብሽም።»

«አባዬ፣ እማዬ አጠገብህ ነበረች።»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ግቢው በር አየ። «እሱ ነው የነገረሽ?» አለኝ። «ማን ይሰማዋል?» አለ። «አንቺ ራስሽ መስክረሻል።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሞኝ ነኝ። ድምፄን ስሰማው የኔ አይመስልም ነበር። «ወርደህ አይተኸው ነበር?»

ለተማሪዎቹ ሲጮኽ የኖረውን ቃል ከኔ አፍ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

«እናትሽ ወረደች» አለ። «ቦዩ ድረስ ገብታ አየችው። ተመልሳ ‹ይተነፍሳል› አለችኝ። ሄድን።»

ያጠብኩት ጫማ ታየኝ። ጭቃውን በእንጨት እየፋቅኩ፣ ክሩን እየፈታሁ፣ እናቴ እንድትደሰትልኝ ፀሐይ ላይ ያስቀመጥኩት።

መብራቱን ከጭኑ አንስቼ ወጣሁ። አልጠራኝም።

ጋሽ ልኬ እንደተውኩት ተቀምጦ ጠበቀኝ። «ወርዶ ነበር?» አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳይለት የላከኝን ነገር አይቼ ተመልሻለሁ፤ በዚህኛው አልዋሽም።

«እማዬ ናት የወረደችው። እየተነፈስክ እንደሆነ አየች። ከዚያ ሄዱ።»

የማይታጠፈውን ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። «እንግዲያው ጆሮዬ ልክ ነበር» አለ። ስባሪዋን ከመብራቱ ላይ አላቀቃትና ወደ ቁልፎቹ መልሶ ጨመራት፤ የጣሳውን ክዳን ገጠመ። «ዓይኔ» አላለኝም። «ልጄ»ም አላለኝም። ጎዶሎውን መብራት በሁለት እጁ አንስቶ ወደኔ ዘረጋው።

«ይሄን ውሰጂው» አለኝ። «የእናንተ ነው።»